መቶ ክንድ ዘንዶ

አንድ ቅርጫት ሠሪ ነበር። ስሙ አምብሮስ፣ አገሩ እንግሊዝ፣ መንደሩ ደግሞ ብራምሎው ትባላለች። ብራምሎው በኮረብታና በወንዝ መካከል የተሸጎጠች፣ መንገደኛ ሳያያት የሚያልፋት ትንሽ የገጠር መንደር ናት። አምብሮስ ዓመቱን ሙሉ በአኻያ ቀንበጥ የእንቁላል ቅርጫት፣ የዳቦ ቅርጫት፣ የዶሮ ቤት ሲጎነጉን ይውላል። ይህ ግን ለሆዱ ነው። ለነፍሱ የሚሠራው ሌላ ነገር ነበረው፤ ዘንዶ ይሠራል።

ኧረ አትደንግጡ! ነገሩ እንዲህ ነው። የብራምሎው ሰዎች ሲናገሩ፣ በጥንት ዘመን ክንፍ ያለው፣ እሳት የሚተፋ ዘንዶ በአውራጃው ላይ ተነስቶ በግ ሲበላ፣ የድርቆሽ ክምር ሲያቃጥል ኖሮ፣ በመጨረሻ የተገደለው በእነሱ መንደር፣ በእነሱ ሰው እጅ ነው። ማስረጃችሁ የታለ ብትሏቸው ከመንደሩ ዳር ወዳለ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይወስዷችኋል። ድንጋዩ ላይ ሦስት ጭረት አለ። «ይኸውላችሁ ጥፍሩ!» ይላሉ። ውሃ የቦረቦረው ነው ያለ እንግዳ ያን ዕለት እራት የሚሰጠው አያገኝም።

ችግሩ ከወንዙ ማዶ ዴልቢ የምትባል ሌላ መንደር መኖሯ ነው። የዴልቢ ሰዎችም ዘንዶው የሞተው እኛ ጋ ነው ባዮች ናቸው። እነሱ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናቸው በር በላይ የተሰቀለ አንድ ረጅም አጥንት አላቸው፤ የዘንዶው ጎድን ነው ይላሉ። የብራምሎው ሰዎች «የበሬ ነው» ይሏቸዋል። ይህን ሲሰሙ የዴልቢ ሰዎች ፊት በርበሬ ይመስላል። አንድ ዘንዶ ሁለት ቦታ ሊሞት አይችልምና፣ ሁለቱ መንደሮች ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ዓይንና ናጫ ሆነው ኖሩ።

በየዓመቱ በሰኔ፣ በእኛ አገር ክረምት ሲገባ በእነሱ አገር ግን ፀሐይ በምትደምቅበት ወር፣ ሁለቱም መንደሮች በየፊናቸው የዘንዶ በዓል ያከብራሉ። የዘንዶው አጽም ከአኻያ ይጎነጎናል፣ ቆዳው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጆንያ ነው። ሰዎች ሆዱ ውስጥ ተደርድረው ገብተው በትከሻቸው ይሸከሙታል። ከውጭ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው።

ይህ በዓል ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ በበዓሉ ማብቂያ የመንደሩ ሽማግሌ ጋሪ ላይ ይቆምና የአባቶቻችን ዘንዶ ይህን ያህል ክንድ ነበር ብሎ ያውጃል። ከጋሪው ላይ የተነገረ ቁጥር ወሬ ሆኖ አይቀርም፤ በሚመጣው ዓመት ያን ያህል ዘንዶ ተሠርቶ በእግሩ መሄድ አለበት። ሁለተኛው፣ ዘንዶው ከተነሳበት እስኪመለስ ሆዱ መሬት መንካት የለበትም። ከነካ መንደሩ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ዘንዶ ትንፍሽ አይልም፤ የሠራውም ሰው የቀንበጥ ቢላዋውን አስረክቦ ሁለተኛ ዘንዶ አይሠራም።

በአምብሮስ አያት ጊዜ ዘንዶው አሥራ ሁለት ክንድ ነበር። ከዚያ ዴልቢዎች አሥራ አራት አሉ ተባለ። ብራምሎው አሥራ ስምንት አለች። ዴልቢ ሃያ ሁለት። እንዲህ እንዲህ እያለ አምብሮስ ጋ ሲደርስ አርባ ስምንት ክንድ ሆነ። የሰውን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ ያ ዘንዶ ማደግ የጀመረው ከሞተ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። አምብሮስ ዊኒፍሬድ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችው። አባታቸው ሙያውን ያስተማረው ለሁለቱም ነው፤ እውነቱን ለመናገር የእሷ እጅ ይበልጥ ነበር። ዊኒፍሬድ ዴልቢ ላለ አንድ አናጺ ተዳረች፤ የዴልቢ ዘንዶ ሠሪ ሲሞትም ቢላዋውን እሷ ተረከበች። አምብሮስ ይህን ሲሰማ አንጀቱ አረረ። በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አንቺ የሠራሽው ዘንዶ ሳይሆን የምድር ትል ነው!» አላት። እሷም ምላሷ የዋዛ አልነበረምና «ያንተው ደግሞ ሲሄድ ሳየው የታመመ ላም ነው የመሰለኝ» ብላ መለሰችለት። ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ እየኖሩ፣ ተኳርፈው ቀሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በአንዱ ዓመት የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የብራምሎው ሽማግሌ ሚስተር ፒክሮፍት ወደ ጋሪው ሊወጡ ሲሉ አንድ መርፌ ሻጭ ከዴልቢ በኩል እያለከለከ መጣ። ሚስተር ፒክሮፍት የወፍጮው ባለቤት ናቸው፤ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የሚወርድ፣ ሲቆጡ ጢማቸው ቀድሞ የሚቆጣ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ሃምሳ ክንድ ሊሉ ነበር ያሰቡት። መርፌ ሻጩ ጠጋ ብሎ «ዴልቢዎች ለሚመጣው ዓመት መቶ ክንድ አሉ» ብሎ ሹክ አላቸው።

ሚስተር ፒክሮፍት ጋሪው ላይ ወጡ። ደረታቸውን ነፉ።

«አባቶቻችን የገደሉት ዘንዶ መቶ ክንድ ነበር!» አሉ።

ሕዝቡ በእልልታና በፉጨት መንደሩን ቀወጠው። ቆቡን ወደ ሰማይ ያልወረወረ አንድ አምብሮስ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ከጋሪው ሲወርዱ ጠብቆ እጃቸውን ያዘ።

«ጌታዬ፣ አንድ ሰው መሸከም የሚችለው ሁለት ክንድ ነው። መቶ ክንድ ማለት ሃምሳ ተሸካሚ ማለት ነው። ሃምሳ ሰው ከየት እናመጣለን?»

«አምብሮስ፣ ያንተ ሥራ መጎንጎን ነው። የእግሩ ነገር ሲደረስ ይታያል።»

«እግር የሌለው ዘንዶ ታዲያ ምን ሊሆን ነው?»

«ወንድሜ፣ ዓመት እኮ ሩቅ ነው!» አሉና ሊጠጡ ሄዱ።

ዓመት ሩቅ የሚሆነው ለሚያዝዝ ሰው ነው፤ ለሚሠራው እንደ ንፋስ ያልፋል። አምብሮስ በብርዱ ወራት አኻያውን አጨደ፣ በውሃ ዘፈዘፈ፣ መጎንጎን ጀመረ። በጸደይ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው ቆጠረ። አራስ፣ ሕፃንና አሮጌ ሲቀር፣ ቄሱ እንኳ ከነሚስታቸው ተቆጥረው፣ ሃያ ሰባት ሰው አገኘ። ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ሃያ ሰባት። ለአንድ ሰው ሦስት ክንድ ቢሰጥስ ብሎ ሜዳ ላይ አስሞከረ። አሥር እርምጃ ሳይሄዱ የዘንዶው ሆድ ተንዘላዝሎ ሣር ጠረገ፤ ዳቦ ጋጋሪው ወገቡን ተያዘና ሁለት ቀን መንደሩ ያለ ዳቦ ዋለ።

ሚስቱ ማርጀሪ ነገሩን ሁሉ ስታይ ቆየች። ማርጀሪ ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን የምትጨርስ ሴት ናት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሰው ካነሰህ ሰው ወዳለበት ሂድ» አለችው።

«የት?»

«ወንዙ ማዶ ነዋ። እህትህ ጋ።»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

«እንግዲያው አትሂድ። ሆዱ መሬት ይንካልህና የአባትህን ቢላዋ ለፒክሮፍት አስረክብ። ግድግዳቸው ላይ ይሰቅሉልሃል።»

ያ ቢላዋ ከአያቱ አባት ለአያቱ፣ ከአያቱ ለአባቱ፣ ከአባቱ ለእሱ የወረደ ነው። እጀታው ከአራት ትውልድ መዳፍ የተነሳ ተበልቶ ጎድጉዷል። ከእጁ ከወጣ አምብሮስ ማን ነው? ቅርጫት ሠሪ ነው፣ ቅርጫት ሠሪ ደግሞ በየመንደሩ ሞልቷል። በእሱ ዘመን ዘንዶው ወደቀ ተብሎ ሲወራ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ብራምሎው አፏን ይዛ ዴልቢ ስትፎክርባት ታየው። ምሳውን ትቶ ወጣ።

በዓሉ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው አምብሮስ ለዘንዶው አንገት የሚሆን ረጅም ቀንበጥ ፍለጋ ጠዋት ወደ ወንዙ ወረደ። ወንዙ ጠባብ ነው፤ በሁለቱም ዳርቻ አኻያ ይበቅልበታል። ጎንበስ ብሎ መቁረጥ ሲጀምር ከማዶ የቢላዋ ድምፅ ሰማ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እንደዚያ አድርጎ የሚቆርጠው የአባቱ ልጅ ብቻ ነው። ቀና ብሎ ሳያይ ማን እንደሆነች አወቀ።

«ዝቅ አድርገህ ቁረጥ» አለች ዊኒፍሬድ ከማዶ። «አሁንም ከላይ ነው የምትቆርጠው። አባታችን ስንቴ ነገረህ?»

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው! ደህና አደርክ የለ፣ እንዴት ከረምክ የለ።

«በዚህ ዳር ያለው የእኔ ጉዳይ ነው» አለ አምብሮስ።

«ያንተ ይሁንልህ።»

ሁለቱም የሚቆርጡ መስለው ምንም አልቆረጡም።

«ስንት ክንድ አደረስከው?» አለች።

አምብሮስ መቶ ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለእህቱ ዋሽቶ አያውቅም፤ ሰድቧት ያውቃል እንጂ ዋሽቷት አያውቅም።

«ሃምሳ አራት» አለ በቀስታ። «ሰው የለኝም። ሃያ ሰባት ነን።»

ዊኒፍሬድ ቢላዋዋን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። «እኔ አርባ አራት ላይ ቆሜአለሁ። ሃያ ሁለት ሰው ነው ያለኝ።»

«መቶ አላላችሁም እንዴ?»

«ብለናል። ምን እናድርግ፣ እናንተ መቶ ልትሉ ነው ተባልና።»

«እኛ? እኛ እኮ መቶ ያልነው እናንተ መቶ ስላላችሁ ነው!»

«ማነው እንዲህ ያላችሁ?»

«መርፌ ሻጩ!»

«ወይኔ ጉዴ! እኛንም እሱ ነው ጠዋት መጥቶ የነገረን!»

ዊኒፍሬድ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በቃ፣ ሳቋ ፈነዳና ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። አምብሮስ ፊቱን አኮሳትሮ ሊቆይ ሞከረ፤ አልቻለም። በአንድ መርፌ ሻጭ አፍ ሁለት መንደር መቶ ክንድ ተጎትቶ! እሱም እየሳቀ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ወንዙን መሃል አድርገው፣ ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን አምብሮስ እንባው አላቆመም።

«ዊኒ፣ ያን ጊዜ ትል ያልኩሽ…»

«እሺ፣ ታዲያስ?»

«ትል አልነበረም። አንገቱን ሳየው ቀንቼ ነው። አባታችን እንኳ አንገት እንደዚያ አድርጎ አላጠማዘዘም።»

ዊኒፍሬድ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «የታመመ ላም ያልኩህ ግን እውነቴን ነው።»

አምብሮስ ጫማውን አውልቆ ወንዙን ተሻገረ፤ እዚያው ዳር ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ቆጠሩ። ሃምሳ አራትና አርባ አራት ዘጠና ስምንት ክንድ። ሃያ ሰባትና ሃያ ሁለት አርባ ዘጠኝ ሰው። ተያዩ። ሁለቱን ዘንዶ አንድ ማድረግ እንዳለባቸው ለሁለቱም ግልጽ ነበር።

ለሁለቱ ግልጽ የሆነው ግን ለሽማግሌዎች ግልጽ አይደለም። በማግስቱ የብራምሎው ሰው ሁሉ በወፍጮው ግቢ ተሰበሰበ። ከዴልቢ ዊኒፍሬድና ሌሎች አምስት ሰዎች መጡ። የሚስተር ፒክሮፍት ጢም ገና ነገሩን ሳይሰማ ተቆጥቷል።

«በዴልቢ እግር የሚሄድ ዘንዶ? ምን ቆርጦን!» አሉ። «ይሁን ብንልስ፣ ፊት የሚሄደው የማን ራስ ነው? ጭራ የሚሆነውስ ማን ነው?»

ጭራ እንሁን የሚል መንደር በዓለም ላይ ተፈልጎ አይገኝም።

ዊኒፍሬድ ተነሳች። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «እርስዎ መቶ ክንድ ሲሉ፣ ዘንዶው ከመንገዱ ጫፍ ደርሶ እንዴት እንደሚዞር አስበዋል? መንገዱ ለአንድ ጋሪ ብቻ የሚበቃ፣ ግራ ቀኙ የእሾህ አጥር ነው።»

እውነትም ማንም አላሰበውም ነበር። ሁሉም ያሰበው ርዝመቱን ብቻ ነው!

«እንግዲህ አይዙር» አለች። «በሁለቱም ጫፍ ራስ ይኑረው። ከእናንተ ድንጋይ ተነስቶ የወንዙን ድልድይ አልፎ እኛ ቤተ ክርስቲያን ይድረስ። ወደ ዴልቢ ሲገባ የብራምሎው ራስ ይመራል። መመለስ ሲሆን ዘንዶው አይንቀሳቀስም፣ ተሸካሚው ብቻ ባለበት ፊቱን ያዞራል፤ ወደ ብራምሎው ሲገባ የዴልቢ ራስ ይመራል። ጭራ የሚባል የለም።»

«ሁለት ራስ ያለው ዘንዶ በታሪካችን የለም!» አሉ ሚስተር ፒክሮፍት።

«መቶ ክንዱስ ነበር እንዴ?» አለች ማርጀሪ ከኋላ።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሚስተር ፒክሮፍት ራሳቸው በጢማቸው ሥር ሳቅ ሲያመልጣቸው ታዩ። ያም ሆኖ እጅ ላለመስጠት አንድ የመጨረሻ ነገር አመጡ።

«ዘጠና ስምንት ነው ያላችሁት። ከጋሪው የተነገረው መቶ ነው። ሁለት ክንድ ይጎድላል!»

«ሁለት ራስ ካለው ሁለት ምላስ አለው» አለ አምብሮስ። «አንዳንድ ክንድ ቀይ ጨርቅ ከየአፉ እናወጣለን። መቶ።»

ሚስተር ፒክሮፍት «እንግዲህ ይሁን» አሉና ቀዩን ጨርቅ ራሳቸው እሰጣለሁ አሉ።

የበዓሉ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። አምብሮስ ሃያ ዓመት ሙሉ የዘንዶውን ራስ የተሸከመው እሱ ነው፤ የሠሪው ክብር ነው፣ ማንም አይቀማውም። ያን ዕለት ግን የዘንዶውን ራስ ለዳቦ ጋጋሪው ሰጠ። እሱ የሁለቱ ዘንዶዎች ወገብ በተጠማዘዘ አኻያ የተሳሰረበት መሃል ገባ። ዊኒፍሬድም የዴልቢን ራስ ለባሏ ትታ ከአጠገቡ ገባች። የሚበጠስ ነገር ካለ የሚበጠሰው እዚያ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል።

ተነሱ። መቶ ክንድ አረንጓዴ ነገር ከአጥሩ መሃል ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ጮኸ። ላሞች ከሜዳው ሸሹ። እስከ ድልድዩ ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ድልድዩ ግን መሃሉ ጉብ ያለ የድንጋይ ድልድይ ነው። ፊተኞቹ ሲወርዱ፣ ኋለኞቹ ሲወጡ፣ ወገቡ ተወጠረ። ቋ! አንድ ማሰሪያ ተበጠሰ። ደግሞ ሁለተኛው። ሆዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ከድልድዩ ድንጋይ አንድ ስንዝር ሲቀረው አምብሮስ በአንገቱ ገፍቶ ያዘው። ዊኒፍሬድ በሁለት እጇ የሁለቱን አጽም ጫፍ ጨምቃ ያዘች።

«አይችልም፣ ሊወድቅ ነው!» አለ አምብሮስ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው። ቢላዋው፣ አባቱ፣ መንደሩ፣ ሁሉም በዚያች ስንዝር ላይ ተንጠልጥሏል።

ዊኒፍሬድ ግን ወደ ታች እያየች ነበር፤ እግሮቹን። «አየህ? የናንተዎቹ በራሳቸው ይረግጣሉ፣ የኛዎቹ በራሳቸው ይረግጣሉ! የሚበጥሰው እሱ ነው!» አለችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፦ «ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም! ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም!»

አምብሮስም ተቀብሎ ጮኸ። አጠገባቸው ያሉት ተቀበሉ። ጩኸቱ በዘንዶው ሆድ ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ እስከ ራሶቹ ደረሰ። አርባ ዘጠኝ ሰው በአንድ ምት መርገጥ ጀመረ። ወገቡ ረገበ፤ ሆዱ ቀስ እያለ ከድንጋዩ ራቀ። ዘንዶው ድልድዩን ተሻገረ!

ዴልቢ ሲገቡ የነበረውን ደስታ ተውት። አሮጊቶች የብራምሎውን ራስ እየዳሰሱ «ጥርሱ እንዴት ያምራል!» አሉ። በጠላትነት ስንት ዘመን ሲሰድቡት የኖሩትን! በመልስ መንገድ የዴልቢው ራስ መርቶ ብራምሎው ሲገባ፣ ያ የተጠማዘዘ አንገት በአጥሩ ላይ ብቅ ሲል፣ የብራምሎው ሰው «ወይ ጉድ!» ብሎ አድናቆቱን ገለጸ። ከጆንያው ሥር የሚታየው እግር ብቻ ነበር፤ የየት መንደር እግር እንደሆነ የጠየቀም የለ። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ዘንዶውን በአጥሩ ላይ አሳረፉት። አምብሮስ ከሆዱ ውስጥ ወጥቶ እህቱን አንገቷን አቅፎ ሳማት። አንገቱ ተልጦ ነበር፤ ሕመሙ ግን አልተሰማውም።

ቀጥሎ የጋሪው ተራ ሆነ። ሚስተር ፒክሮፍት ወጡ። ብቻቸውን አልወጡም፤ የዴልቢን ሽማግሌ እጁን ይዘው አወጡት። አምብሮስ በልቡ «በሞቴ፣ መቶ ይበሉ። መቶ ይበቃል» አለ።

ሚስተር ፒክሮፍት ጢማቸውን ዳበሱ። ከጋሪው በታች ያለውን ሰው አዩ፤ ከብራምሎው ብቻ ቢሆን እንዲህ አይሞላም ነበር።

«አባቶቻችን የገደሉት ዘንዶ» አሉ፤ የማን አባቶች ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም፤ «ሁለት መቶ ክንድ ነበር!»

አምብሮስ ድንጋዩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ዊኒፍሬድ ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። ሁለት መቶ ክንድ፣ መቶ ሰው። ያሉት ግን አርባ ዘጠኝ። እልልታው ሲበርድ ሌላውም ሰው መቁጠር ጀመረ፤ በከንፈሩ እያንሾካሾከ፣ በጣቱ እያጠፈ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሳይነጋገሩ፣ ፊታቸውን ወደ ኮረብታው አዞሩ። ከኮረብታው ጀርባ ሃዝልዲን የምትባል መንደር አለች፤ ዘንዶው እንቁላል የጣለው እኛ ጋ ነው ብለው ድርቅ የሚሉ ሰዎች መንደር።

«እነሱ ስንት ይሆናሉ?» አለ አምብሮስ።

«ሃምሳ አያጡም» አለች ዊኒፍሬድ። «ጫማህን አጥልቅ፣ እንሂድ።»

ወዳጆቼ፣ ኩራት ክፉ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን እንደዚያ አልልም። በአንድ ድንጋይ ጭረት የማይኮራ መንደር፣ በአንድ አጥንት የማይፎክር አገር፣ ምን ለዛ አለው? ክፋቱ ኩራታችንን ለብቻችን ተሸክመን ልንሄድ ስንል ነው፤ ያን ጊዜ እያደገ እያደገ ወገባችንን ይሰብረዋል፣ ሆዱም መሬት ይነካል። ኩሩ፤ ግን ኩራታችሁ ጎረቤት እስኪያስፈልገው ድረስ ይርዘም። ያን ጊዜ ስድብ የነበረው ግብዣ ይሆናል። እናንተስ? በቤታችሁ፣ በመንደራችሁ፣ በአገራችሁ የምትኮሩበት አንድ ዘንዶ አታጡም። ወገቡ ድልድይ ላይ ሲወጠር፣ ከማዶ ማንን ነው የምትጠሩት?